ሌሊቱን ከቀኑ ያገናኙ ሊቅ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

 ሐምሌ 7 ቀን በምእመናን ዘንድ አስቀድሞ የሚታወቀው እግዚአብሔር በመምሬ ዛፍ አጠገብ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ለነበረው ለአብርሃም በሦስትነት የተገለጠበት ዕለት ሆኖ ነው። እንግዶቹን ለመቀበል የሮጠው የዚያ ሽማግሌ ታሪክ በየዓመቱ ይነገራል፣ በየቤቱም ዝክሩ ይዘከራል። በዚሁ ዕለት ግን ቤተ ክርስቲያን አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅም ታስባለች። በዓሉ ትልቅ ስለሆነ የእኚህ አባት መታሰቢያ በጥላው ሥር ይቀርና ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፋለን። እኛም በዛሬው ዝግጅታችን የእርሳቸውን ሕይወት ለማስታወስ ወደድን። እኚህ አባት የመጽሐፈ ሰዓታት ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው።

የመረጥንበትም ምክንያት አለን። ክርስቲያን ከመኝታው ሲነሣ ከሥራ አስቀድሞ መጸለይ እንዳለበት ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ሆኖም ጧት በአብዛኛው ቤት የጥድፊያ ሰዓት ነው፤ ልጆች ለትምህርት ቤት ይቻኮላሉ፣ ሠራተኛው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይሮጣል፣ እናት በምድጃና በደጅ መካከል ትመላለሳለች። በደረት ላይ የምትሠራ አንዲት ማማተብ ካልሆነች በቀር ጸሎቱ ለማታ ይቀጠራል፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ይቀድመዋል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በእኛም ቤት ያለው ይኸው ነው። ስለዚህ ሌሊቱንና ቀኑን በሰዓት በሰዓት ከፍለው ለእያንዳንዱ ጸሎትና ምንባብ ያበጁ ሰው እንዴት ያለ ሕይወት እንደኖሩ ማወቁ ይጠቅመናል ብለን አሰብን።

አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በወሎ ምድር፣ ሰግላ በምትባል ቦታ ተወለዱ። የልደታቸው ዘመን በብዙዎች ዘንድ 1357 ዓ.ም ነው ተብሎ ይነገራል። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ይባሉ ነበር፤ መጻሕፍትን የተማሩ፣ በንጉሡ ቤተ መንግሥትም በክህነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። እናታቸው እምነ ጽዮን ትባላለች። ሁለቱም ስማቸው ከጽዮን ጋር የተያያዘ መሆኑ ልጁ በኋላ በእመቤታችን ፍቅር እንዴት እንደተያዘ ስናስብ ደስ ያሰኛል።

ሕፃኑ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ከአባቱ እግር ሥር ተማረ፤ ከዚያም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተላከ። ሐይቅ በዚያ ዘመን ከሀገሪቱ ታላላቅ የትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ካቋቋሙት ወዲህ መነኮሳቱ መጻሕፍትን ይገለብጡ፣ ደቀ መዛሙርትን ያስተምሩ፣ ወደ ልዩ ልዩ አገርም ያሰማሩ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የሊቅ ልጅ ቢገባ ቶሎ ይበስላል ተብሎ ይጠበቃል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጊዮርጊስ ትምህርቱ አልገባው አለ። ገድሉና ትውፊቱ እንደሚተርኩት ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጥር ኖሮ ከሌሎቹ ጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀረ። ቀለም ሲነገረው ወዲያው ይጠፋበታል፤ እኩዮቹ አልፈውት ሲሄዱ እርሱ ገና በመጀመሪያው ላይ ነው። መምህሩም ነገሩ አልሆን ሲላቸው ወደ አባቱ መልሰው ሰደዱት። ሕዝበ ጽዮን ግን ልጃቸውን አልተቀበሉም፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ ተመልሶ አይወሰድም በሚል ሐሳብ፣ ባይማር እንኳ ገዳሙን በጉልበቱ ያገልግል ብለው እንደገና ወደ ሐይቅ መለሱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። የቤተ መንግሥት ካህን ልጁ ደንቆሮ ነው ተብሎ ሲመለስበት ሊደርስበት የሚችለውን ኀፍረት መገመት አያዳግትም። ልጁም በበኩሉ ከሁለት ወገን እንደተገፋ ሊቆጥረው ይችል ነበር፤ መምህሩ አልፈለጉትም፣ አባቱም ቤት አላስገቡትም። በገዳሙ የተሰጠው ሥራ ደግሞ እህል መፍጨት ነው። በአገራችን ባህል ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ መንበርከኩ ምን ያህል እንደ ውርደት ይታይ እንደነበር ታላላቆቻችን ያውቁታል። ሴት በማትገባበት በወንዶች ገዳም ግን አንዱ መፍጨት ነበረበትና ዕጣው ለሊቁ ልጅ ደረሰው። ጊዮርጊስ ድንጋዩን ይዞ የመነኮሳቱን ዱቄት አዘጋጀ።

በሌሊት ግን ሌላ ሥራ ነበረው። ሌሎቹ ሲያርፉ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። የሚለምነውም እውቀትን ነው። ያልተማረ ሰው ስለሆነ ረጅም ጸሎት አያውቅም፤ ያለው እንባና ትጋት ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፤ ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ በኋላ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋዐ ልቡና እንዳጠጣችውና አእምሮው እንደተከፈተ ቤተ ክርስቲያን ትተርካለች። ከዚህ ዕለት ጀምሮ ጊዮርጊስ ብሉይንና ሐዲስን፣ ድጓውንና የሊቃውንቱን መጻሕፍት በሚያስደንቅ ፍጥነት እንዳጠናቀቀ ይነገራል። ተአምሩን ሲያነቡ ጽዋውን ብቻ የሚያስታውሱ አሉ፤ እኛ ግን ከጽዋው በፊት የነበሩትን ሌሊቶች ማለፍ አንፈልግም። በኋላ የሌሊቱን ጸሎት ሰዓት በሰዓት የሠራው እጅ አስቀድሞ በወፍጮ ድንጋይ ላይ የደደረ እጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ፈጥነው ይሄዳሉ። ጊዮርጊስ ምንኩስናንና ክህነትን ተቀበሉ፤ ዝናቸውም በቤተ መንግሥት ተሰማ። ጊዜው የዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ነበር፤ አባ ጊዮርጊስም ወደ ንጉሡ ከተማ ተጠርተው የንጉሡን ልጆች አስተማሩ። ያ ዘመን ለመጻሕፍት የተመቸ ዘመን ነበር። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ብዙ ድርሳናት ይተረጎሙ ነበር፤ ተአምረ ማርያምም ወደ ግእዝ የተተረጎመው በዚሁ ዘመን ነው። አባ ጊዮርጊስ ግን ከሌላ ቋንቋ የመጣውን በመቀበል ብቻ አልተወሰኑም፤ ከራሳቸው ልብ በግእዝ ጻፉ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ በሕዝቡ ጆሮ የገባው መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሳቸው በፊትም ሰዓታት ነበረ፤ ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ሥርዓት በገዳማት ይጸለይበት ነበር፤ በጥቂት ቦታዎች ዛሬም አልጠፋም። አባ ጊዮርጊስ ያዘጋጁት ግን መልኩ ሌላ ነው። በየሰዓቱ ከመዝሙረ ዳዊት ይጸለያል፤ ከሐዋርያት መልእክታትና ከወንጌል ይነበባል፤ በመካከሉም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና፣ ለእመቤታችን የሚቀርብ ውዳሴ፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን የሚደርስ ምልጃ በዜማ ይገባበታል። ጸሎትና መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ሥራ አይለያዩም። የሚጸልየው ሰው ይሰማል፣ የሚሰማውም ሰው ይጸልያል። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ደግሞ ይህ ሥርዓት ራሱ መጽሐፉ ነበር፤ ወንጌሉን በጆሮው ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

የጸሎት ሰዓታት ሰባት ናቸው፤ መዝሙረኛው ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግን ነበር ያለውን በመከተል አባቶች የወሰኑት ነው። ፍትሐ ነገሥትም በ14ኛው አንቀጹ ይህንኑ ይደነግጋል። ነግህ አለ፣ ሠለስት አለ፣ ቀትርና ተሰዓት አሉ፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊትም አሉ። እያንዳንዱ ከጌታ ሕይወት አንድ ነገር ያሳስባል፤ በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ፣ በቀትር ስቅለቱ፣ በተሰዓት ነፍሱን አሳልፎ መስጠቱ፣ በመንፈቀ ሌሊት ልደቱና ዳግም ምጽአቱ ይታሰባሉ። በነግህ ደግሞ ሌሊቱን አሳልፎ ብርሃን ስላሳየን ምስጋና ይቀርባል፤ ጌታ በጲላጦስ ፊት መቆሙም ይታወሳል። ነግህ የምስጋናና የፍርድ ሰዓት አንድ ላይ መሆኑ የሚያሳስብ ነው። እኛ ፊታችንን ታጥበን ለሥራ ስንዘጋጅ እርሱ ለእኛ ሲል በአደባባይ ቆሟል።

አንድ ነገር እንጨምር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለት የሚጀምረው ጧት አይደለም፤ ከዋዜማው ምሽት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ቀኑን ሲቆጥር ማታውን ከጧቱ ያስቀድማልና። እንዲህ ከሆነ የሌሊቱ ሰዓታት የትናንቱ ቀን መጨረሻ ሳይሆን የዛሬው ቀን መጀመሪያ ነው ማለት ነው። ሰዓታት ቆመው ያደሩ ካህናት ለነግህ የሚደርሱት ደክመው ቢሆንም ባዶ ሆነው አይደለም፤ ቀኑ ሲገባ ልባቸው አስቀድሞ ተሰናድቷል። አባ ጊዮርጊስ ሌሊቱን ያን ያህል የደከሙበት ለዚህ ይመስለናል። ጧት በድንገት የሚጀመር ነገር እንዳልሆነ በሐይቅ በሥዕሉ ፊት ቆመው ተረድተውታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለካህናትና ለመነኮሳት ነው፣ ለባለትዳሩና ለባለሥራው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር ሁለት መልስ እናቀርባለን። አንደኛው ከእርሳቸው በፊት የነበረ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከሥርዓት መጻሕፍት በሚቆጠረው በሲኖዶስ ውስጥ ያለው ጥንታዊ የሐዋርያት ሥርዓት ለምእመናን ወንዶችና ሴቶች ይናገራል። ከእንቅልፍ ሲነሡ ሥራ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው እንዲጸልዩ፣ ትምህርት ባለበት ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ፣ ትምህርት በሌለበት ዕለት ደግሞ እያንዳንዱ በቤቱ ቅዱስ መጽሐፍ ይዞ የሚጠቅመውን ያህል እንዲያነብ ያዝዛል። ትእዛዙ የወረደው ለገዳም አይደለም፤ ለቤት ነው።

ሁለተኛው መልስ የአባ ጊዮርጊስ የራሳቸው ሌላ ድርሰት ነው፤ አርጋኖን። እመቤታችንን የሚያመሰግን ሆኖ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ እየተባለ እስከ እሑድ ይዘልቃል። ከእርሱ አስቀድሞ የቅዱስ ኤፍሬም ነው የሚባለው ውዳሴ ማርያም በዚሁ አኳኋን በዕለታት ተከፍሎ ይጸለይ ነበር። ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ይፈጽም ዘንድ አልተጠየቀም፤ የዕለቱን ለዕለቱ ያድርስ ነው። ዳዊቱም ቢሆን 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሎ ዐሥር ዐሥሩ ይደገማል፤ አንድ ንጉሥ ደግሞ ወደ ሥራው የሚሄድ አባት ወይም እናት ዳዊታቸውን በነጠላ ሸፍነው በየማለዳው የሚያደርሱት ነው። በተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት የታተሙት ጥቃቅን ዳዊቶችና ውዳሴ ማርያሞች ገጻቸው በጣት ብዛት ጠቁሮ በየቤቱ ራስጌ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አያቶቻችን ሰዓት ሳይኖራቸው ሰዓቱን ያውቁት ነበር።

የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት በጸሎትና በድርሰት ብቻ በጸጥታ ያለፈ እንዳይመስለን። የኖሩበት ዘመን የሃይማኖት ክርክር የበዛበት ነበር። ቢቱ የሚባል ሰው በምሥጢረ ሥላሴ ላይ የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ተነሣ፤ በቤተ መንግሥትም ሰሚ አላጣም ነበር። አባ ጊዮርጊስ ተከራከሩት። ይህም ጠላት አፈራባቸው፤ በሐሰት ተከሰሱ፣ ታሠሩም። የንጉሥ ልጆችን ያስተማሩ መምህር በእግር ብረት መታሰራቸው ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ቀላል ፈተና አልነበረም። የእሥር ቤቱን ዘመን ገድላቸው በሰፊው ይተርከዋል፤ እኛ ግን ከሁሉ ልባችንን የነካው እሥራቱ የጸሎት ሰዓታቸውን እንዳላስቆመው የሚተረከው ነው። ሰዓታት የሚቆምበት ቤተ መቅደስ በሌለበት ሰውየው ራሱ ሥርዓቱን ተሸክሞት ይሄዳል።

ሌላም ብርቱ ጉዳይ ነበር፤ የሰንበት ነገር። ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ወይስ አትከበር የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ ገዳማቱን ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሁለቱም ይከበሩ ሲሉ ሐይቅን የመሰሉ ታላላቅ ገዳማት በተቃራኒው ቆመው ነበር። አባ ጊዮርጊስ ያሳደጋቸው ሐይቅ ሆኖ ሳለ የሁለቱን ሰንበታት ክብር ደግፈው ጻፉ። ካሳደገ ገዳም አቋም ተለይቶ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ሊቁ ግን እውነት ነው ብለው ያመኑበትን አልደበቁም። ጉዳዩ በጉባኤ የተቋጨው እርሳቸው ካረፉ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም ነው፤ ውሳኔውም እርሳቸው በጻፉት በኩል ሆነ።

ይህን ሁሉ ክርክር የሰበሰቡበት መጽሐፍ መጽሐፈ ምሥጢር ይባላል። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን በ1416 ዓ.ም ተፈጸመ። በውስጡ አርዮስን፣ ሰባልዮስን፣ ንስጥሮስን፣ መቅዶንዮስንና ሌሎችንም እያነሡ ይመልሱላቸዋል፤ ቢቱም አልቀረም። መጽሐፉን ከሌሎች የክርክር መጻሕፍት የሚለየው ግን አሠራሩ ነው። ድርሳናቱ በዓመቱ በዓላት ላይ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበቡ ሆነው ተዘጋጅተዋል። እንግዲህ በዚህም ቢሆን ሰውየው ያው ሰው ናቸው፤ ትምህርቱን ከጸሎት ሰዓት ውጭ ለብቻው ሊያቆሙት አልወደዱም። ስለ ትምህርታቸው ጥልቀት ዳግማዊ ቄርሎስ ተብለው መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

መጽሐፈ ምሥጢር በተፈጸመ በዓመቱ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም አባ ጊዮርጊስ ዐረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ሥላሴ ሲጽፉና ሲከራከሩ ኖረው ዕረፍታቸው በሥላሴ በዓል ሆነ። ስማቸው የሚጠራበት ጋስጫ በደቡብ ወሎ የሚገኝ ገዳም ነው። ሐምሌ በዚያ ደጋ ክረምቱ የሚጠናበት፣ ጭጋጉ ገደሉን የሚሸፍንበት፣ ጭቃውም እግር የሚይዝበት ወር ነው፤ ሆኖም መታሰቢያቸውን ለማክበር የሚወጣ ምእመን አይጠፋም።

በከተማ ለምንኖረው የእርሳቸው ድምፅ የሚደርሰን በሌላ መንገድ ነው። በተለይ በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ፣ በየአጥቢያው ሌሊቱን ሰዓታት ይቆማል፤ ሲነጋጋ ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ቀጥሎም ቅዳሴው ይገባል። ድምፁ በማጉያ ተሰምቶ በአልጋችን ላይ ያገኘናል። አንዳንዱ ተነሥቶ ነጠላውን ያደርጋል፤ አንዳንዱ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው ይስባል። በየገጠሩ አጥቢያ ደግሞ ካህኑ አንድ ወይም ሁለት ብቻ በሆኑበት ቦታ ሰዓታት የሚቆምበት ሌሊት እየሳሳ እንደመጣ ሽማግሌዎች ሲናገሩ ሰምተናል፤ ዜማውን የሚያውቀው መሪጌታ ሲያርፍ የሚተካው ሳይገኝ ይቀራል። ባለፈው ፍልሰታ እኛም በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አንድ ሌሊት ቆመን ነበር። ከምንባቡ ፊት የነበሩት አንድ አረጋዊ ካህንና ሦስት ወጣት ዲያቆናት ናቸው። ካህኑ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መጽሐፉን አልተመለከቱም፤ ዲያቆኑ ጧፉን ይዞ ሲያነብ እርሳቸው ከቃሉ ቀድመው በሹክሹክታ ይሉት ነበር። ስንወጣ ሰማዩ ገና አልነጣም፤ በአጥሩ ሥር ለቅዳሴ የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን በአንቀልባ አዝለው፣ ጫማቸውን ከደጁ እያወለቁ ይገቡ ነበር።